ነዳጅ የፈሰሰበት መሬትና የጉድጓድ ውሃ፦ ኮምቦልቻ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምቦልቻ የቦቴ ከተማ ናት። ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ በኩል የሚወጣው ነዳጅ እዚህ ይራገፋል፣ አለዚያም አልፎ ወደ ደሴና ወደ ሰሜን ይሄዳል። ማደያው፣ ጋራዡ፣ የፋብሪካው ጄኔሬተር፣ የቦቴ ማደሪያው በብዛት የሰፈሩት ሜዳው ላይ ነው። የውሃ ጉድጓድ የሚቆፈረውም እዚያው ነው። ነዳጅ ሲፈስ ታዲያ ጎረቤቱም፣ የማደያው ባለቤትም፣ የቀበሌው ሰውም የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነገር ነው። መልሶቹን እነሆ።

የጉድጓዳችን ውሃ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። መጀመሪያ ምን እናድርግ?

አይጠጡት፣ አያብስሉበት፣ ልጅ አያጥቡበት። ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ማፍላትን ነው፤ ማፍላት ግን እዚህ ላይ መፍትሔ አይደለም። ከውሃው የሚወጣው ተን ማዕድ ቤት ውስጥ ይቀራል፣ ቤተሰቡም ይተነፍሰዋል። ውሃ አጋር መጨመርም አይረዳም፤ ክሎሪን ጀርም እንጂ ነዳጅ አያጠፋም። በመስኖ ሞተር ስቦ ጉድጓዱን ማጠብ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ኃይለኛ ፓምፕ አጠገቡ ያለውን ነዳጅ ወደ ጉድጓዱ ይጎትተዋል።

የእጅ ጉድጓድ ከሆነ ማንም ሰው እንዳይወርድበት፣ አጠገቡም ክብሪት እንዳይጫር። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። አየር ውስጥ 1.4 በመቶ ገደማ ከደረሰ በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል፤ ሰውንም አፍኖ ይገድላል። ሽታው የተሰማበትን ቀን ጽፈው ይያዙና ለከተማው ውሃ አገልግሎትና ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያሳውቁ። በቃል የተነገረ ነገር ከሦስት ወር በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ካልሸተተስ ደህና ነው ማለት ነው?

አይደለም። ነዳጅ ውስጥ ካሉት ነገሮች ዋነኛው ጠንቅ ለደም ካንሰር የሚዳርግ አንድ ኬሚካል ነው፤ መኪና ውስጥ ከሚቀዳው ቤንዚን ጋር እንዳይምታታ እዚህ ላይ «ቤንዝን» ብለን እንጽፈዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። የሰው አፍንጫ ቤንዝንን ብቻውን ከውሃ ለይቶ የሚያሸተው ግን በሊትር 10 ሚሊግራም አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ማለትም ከጣሪያው ሺህ እጥፍ ካለፈ በኋላ። እንደ ቶሉይንና ዛይሊን ያሉት ባልንጀሮቹ ቀድመው ስለሚሸቱ ብዙ ጊዜ ያጋልጡታል። ነገር ግን ሁሉም እኩል አይጓዙም፤ ከምንጩ ራቅ ያለ ጉድጓድ ጋ ቤንዝን ቀድሞ ሊደርስ ይችላል።

ላይ የፈሰሰ ነዳጅ እንዴት ብሎ ውሃው ጋ ይደርሳል?

ኮምቦልቻ ያለችበት የቦርከና ወንዝ ሸለቆ ከዙሪያው ተራራ ታጥቦ በወረደ ደለል የተሞላ ነው፤ ጠጠሩ፣ አሸዋውና ጭቃው ተደራርቧል። ከሥሩና ከዳሩ ባዛልት አለ፣ ስንጥቃም ጥቁር ድንጋይ። ነዳጁ በጠጠሩና በአሸዋው ቶሎ ይወርዳል፣ ጭቃ ሲያገኝ ወደ ጎን ይሄዳል። መረሬ አፈር ያለበት ቦታ ላይ ሰዎች «ጭቃ ነው፣ አያሳልፍም» ይላሉ። ክረምት ላይ እውነት ነው። በጋ ላይ ግን መረሬ ይሰነጠቃል፤ ያ ስንጥቅ ለነዳጅ የተከፈተ በር ነው።

በመንገዱ ላይ የተወሰነው አፈሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። የተረፈው ከውሃው ወለል ሲደርስ ይቆማል፤ ከውሃ ስለሚቀል ወጥ ላይ እንደሚሰፍር ቅቤ ከላይ ይንሳፈፋል። የአንድ ሊትር ቤንዚን ክብደት 0.74 ኪሎ ገደማ ነው፣ የናፍጣ 0.84 አካባቢ። ከተንሳፈፈው ላይ ደግሞ ቤንዝንና መሰሎቹ በጥቂት በጥቂቱ እየሟሙ ከውሃው ጋር ይጓዛሉ። ስለዚህ ነዳጁ ሦስት ቦታ ይገኛል፦ አፈሩ ውስጥ፣ ውሃው ላይ፣ ውሃው ውስጥ። የሦስቱም ጽዳት የተለያየ ነው።

አንድ ማደያ የሚያንጠባጥበው ትንሽ ነገር ይህን ያህል ያስፈራል?

እንቁጠረው። በቤንዚን ውስጥ ያለው ቤንዝን 1 በመቶ ነው ብንል፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ8 ግራም በላይ ይይዛል። ያ ሁሉ ቢሟሟ ከ800 ሺህ ሊትር በላይ ውሃን ከጤና ድርጅቱ ጣሪያ ላይ ያደርሳል። በርግጥ ሁሉም አይሟሟም፤ ይተናል፣ ባክቴሪያም ይበላዋል። ግን በሰዓት አንድ ሊትር የሚያፈስ የመሬት ውስጥ ታንከር በዓመት 8,760 ሊትር ያፈሳል፤ ማንም ሳያየው።

ማደያ ያላችሁ፣ ነዳጁ ከልኩ ሲጎድል የሚሰጥ አንድ የታወቀ ሰበብ አለ፦ «ቦቴው ከአፋር ሙቀት መጥቶ ነው፣ ነዳጁ ኮምቦልቻ ሲበርድ ይሰበሰባል።» ሐሰት አይደለም። 20 ሺህ ሊትር ቤንዚን በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ወደ 190 ሊትር ይቀንሳል። ሰበቡ የሚሠራው ግን በተራገፈበት ቀን ብቻ ነው። የመሬት ውስጥ ታንከር ሙቀቱ ብዙም አይለዋወጥም። ታንከሩ ውስጥ በሚነከር ዘንግ የሚለካው ከፓምፑ ሽያጭ ጋር ሳይታረቅ በየቀኑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጎድል ከሆነ ምክንያቱ አየሩ ሳይሆን ታንከሩ ወይም ቧንቧው ነው። የጠዋትና የማታ ልኬት የተጻፈበት ደብተር ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ቀድሞ ይናገራል፤ ችግሩ ብዙ ማደያ ላይ ደብተሩ የሚሞላው ለሒሳብ እንጂ ለማመሳከር አለመሆኑ ነው።

የተበከለው አፈር ተቆፍሮ ወጥቷል፣ ታንከሩም ተቀይሯል። አለቀ አይደል?

በጣም የሚያከራክረን ጥያቄ ይህ ነው። ምንጩ መነሣቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ያለሱ ሌላው ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው። ግን ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አፈር በሲኖትራክ ጭኖ፣ ቀይ አሸዋ ሞልቶ ኮንክሪት ማልበስ ጽዳቱ የመጀመሪያ እርምጃ መሆኑን እንጂ መጠናቀቁን አያሳይም።

ቁፋሮው የት እንደሚቆም የሚወስነው ናሙና እንጂ ኤክስካቫተሩ የተከራየበት ሰዓት አይደለም። ከወለሉና ከአራቱም ግድግዳ ናሙና ይወሰዳል። በቦታው ላይ አፈሩን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ፣ አሥር ደቂቃ ያህል አቆይቶ፣ ውስጡ የተጠራቀመውን ተን በእጅ ጋዝ መለኪያ ማየት ይቻላል። ለቤንዚን ጥሩ ነው። ለናፍጣ ግን ያታልላል፤ ናፍጣ ብዙ ስለማይተን መለኪያው ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ ላብራቶሪ የግድ ነው። ሌላ ልብ የሚባል ነገር፦ ከአምስት ቦታ የተወሰደን አፈር አንድ ባልዲ ውስጥ አማስሎ አንድ ናሙና ማድረግ ወጪ ይቀንሳል፣ ውጤቱን ግን ዋጋ ቢስ ያደርገዋል። ሲማሰል ቤንዝኑ ይተናል፣ የቆሸሸው ግድግዳም በንጹሑ ይቀጥናል።

ቁፋሮው ሕንፃ ሥር ወይም አስፋልት ሥር ሲደርስ ይቆማል። የሚቀረው አፈር ባለበት እንዲጸዳ አየር ከመሬት ውስጥ በቫኪዩም ይሳባል፣ ወይም ባክቴሪያ እንዲሠራ ቀስ ብሎ አየር ይነፋበታል። የመጀመሪያው ለቤንዚን፣ ሁለተኛው ለናፍጣ ይሻላል።

የወጣው አፈርስ የት ይሄዳል?

ቦርከና ዳር አይደለም፤ ሌያሌና ወርቃ የተባሉት ወንዞች የተሸከሙት የፋብሪካ ፍሳሽ ይበቃቸዋል። ገደል ሙሌትም አይደለም፣ «ጥሩ ሙሌት አፈር» ተብሎ ለቤት ሠሪም አይሸጥም።

ወፍራም ፕላስቲክ ወይም ኮንክሪት ላይ ይከመርና በባክቴሪያ እንዲበላ ይደረጋል። የሚያስፈልገው አየር፣ እርጥበትና ማዳበሪያ ነው። የተለመደው ልክ ለ100 እጅ ካርቦን 10 እጅ ናይትሮጅንና 1 እጅ ፎስፎረስ ነው፤ ዩሪያና ፎስፌት ያለበት ማዳበሪያ በገበሬ ዩኒየን የሚገኝ ስለሆነ እንግዳ ነገር የለውም። ክምሩ ይገለበጣል፣ ውሃ ይረጫል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ይሸፈናል፤ ካልተሸፈነ ዝናቡ ነዳጁንም ማዳበሪያውንም አጥቦ ይወስዳል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ሙቀቷ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሴ ውስጥ ያው ክምር በብርዱ ምክንያት ይዘገያል። ናፍጣ በወራት ይቀንሳል፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን ከዚያ በላይ ይቆያል።

አፈሩን በዱቄት ሳሙና አጥበነዋል የሚል ጋራዥ ካጋጠማችሁ፣ ሳሙናው ያደረገው ነገር ተጣብቆ የነበረውን ነዳጅ አላቅቆ ወደ ታች መላክ ነው።

መከታተያ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ በምን ይለያል? ስንትስ ይበቃል?

የመጠጥ ጉድጓድ የሚሠራው የላይኛውን ውሃ ዘግቶ ከጥልቁ ለመቅዳት ነው። ብክለቱን ለመለካት የሚቆፈረው መከታተያ ተቃራኒ ነው፤ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ የውሃውን ወለል ከላይም ከታችም አቋርጦ መቀመጥ አለበት። አለዚያ የተንሳፈፈው ነዳጅ አይገባበትም፤ «ነዳጅ የለም» የሚል የሐሰት ምስክር ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ባለ 2 ኢንች ቧንቧ ነው። ዙሪያው ጠጠር ይሞላል፣ ከላይ ውሃ ሲነካው በሚያብጥ የቤንቶናይት ጭቃ ይደፈናል፣ ክዳኑ ይቆለፋል።

ውሃው በየት በኩል እንደሚፈስ ለማወቅ በአንድ መስመር ላይ ያልሆኑ ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ። አፋቸው በሰርቬየር ከፍታው ተለክቶ የውሃው ወለል ይነጻጸራል። ከዚያ አንዱ ከምንጩ በላይ፣ ሌሎቹ ከታች፣ አንዱ ደግሞ ከጎረቤት የመጠጥ ጉድጓድ ፊት ለፊት እንደ ዘበኛ ይቆማል። «ውሃው እንደ ቦርከና ነው የሚሄደው» ብሎ በግምት መትከል ያለ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ይሳካል። አጠገቡ ፋብሪካ ቀን ከሌት የሚስብበት ጥልቅ ጉድጓድ ካለ ግን ውሃው አቅጣጫውን ወደዚያ ያዞራል፤ በባዛልት ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ከላይ ያለው ቁልቁለት ምንም አይነግርም።

አንዴ ተለክቶ ንጹሕ ነው ተብሏል። ለምን ተመላልሰው ይለካሉ?

ምክንያቱም የከርሰ ምድር ውሃው ከፍና ዝቅ ይላል። ክረምቱ ሲያበቃ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ወለሉ ከፍ ይላል፤ ግንቦትና ሰኔ መጀመሪያ ላይ ዝቅ ይላል። የበልግ ዝናብ ጥሩ ከሆነ ደግሞ መካከል ላይ ሌላ ጭማሪ አለ። ነዳጁም አብሮት ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በወጣ በወረደ ቁጥር ያለፈበትን አፈር እየቀባ ይሄዳል።

አሁን መስከረም ላይ መጥታችሁ ትለካላችሁ እንበል። ውሃው ከፍ ብሎ ነዳጁን አፈር ውስጥ አሰጥሞታል፤ ጉድጓዱ ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር የለም። ሪፖርቱ «ተንሳፋፊ ነዳጅ አልተገኘም» ይላል፣ ሁሉም ተጨባብጦ ይለያያል። ግንቦት ላይ ውሃው ሲወርድ የታሰረው ይለቀቅና ያው ጉድጓድ ውስጥ በጣት የሚለካ ነዳጅ ይገኛል። ባለቤቱ «ሌላ ሰው አፍስሶብኝ ነው» ይላል። ማንም አላፈሰሰበትም፤ የቆየው ነው የወጣው። የሟሟው ቤንዝን ደግሞ በተቃራኒው ውሃው ወጥቶ የተቀባውን አፈር ሲነካ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ መስከረም ላይ ብቻ የተለካም፣ ግንቦት ላይ ብቻ የተለካም ግማሽ ወሬ ነው።

በዓመት አራት ጊዜ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ከተቻለ ሁለት፤ ይህ ነው ተገቢው። የውሃው ጥልቀት በየጊዜው ከኬሚካሉ ቁጥር ጎን ካልተጻፈ ቁጥሩን ለማመን እቸገራለሁ። ጽዳቱ አልቋል ለማለትም ውሃው ዝቅ ባለበትም ከፍ ባለበትም ወቅት ውጤቱ እየቀነሰ መምጣቱ መታየት አለበት።

ናሙና ሲወስዱ አጠገባቸው ቆሜ ምን ልይ?

መጀመሪያ የውሃውን ጥልቀት ይለካሉ። በሜትር ገመድ ጫፍ ያለው መለኪያ ለነዳጅ አንድ ድምፅ፣ ለውሃ ሌላ ድምፅ ያሰማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የተንሳፈፈው ነዳጅ ውፍረት ነው። ይህ ውፍረት ግን ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ነው፣ አፈሩ ውስጥ ያለው ከዚያ ያንሳል።

ቀጥሎ ቧንቧው ውስጥ የተኛውን ውሃ ያስወግዳሉ። በ2 ኢንች ቧንቧ አንድ ሜትር ውሃ 2 ሊትር ገደማ ነው፤ አምስት ሜትር ውሃ ካለ 10 ሊትር፣ በሦስት እጥፍ 30 ሊትር። ወይም በዝግታ እየሳቡ የውሃው ሙቀት፣ ፒኤች (የአሲድነቱ መጠን)፣ ኦክስጅንና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት እስኪረጋ ይጠብቃሉ። የወጣው ውሃ በርሜል ውስጥ ይገባል እንጂ ቱቦ ውስጥ አይደፋም።

ናሙናው 40 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ቡናማ የመስታወት ጠርሙስ ይወሰዳል። ውሃው አፏ ላይ ጉልላት ሠርቶ እስኪቆም ይሞላል፣ ይከደናል፣ ይገለበጣል፣ በጣት መታ መታ ይደረጋል። የአየር ጠብታ ከታየች ናሙናው ተበላሽቷል፤ ሌላ ጠርሙስ ይወሰዳል። ቤንዝኑ ወደዚያች ጠብታ ስለሚሸሽ ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ የመጣ ባለሙያ ካያችሁ ወጪውም ድካሙም በከንቱ ነው። ጓንት በየጉድጓዱ መቀየር አለበት፣ ሥራው ከንጹሑ ጉድጓድ ጀምሮ በቆሻሻው ይጨርሳል፣ ጄኔሬተሩም ከነፋሱ በታች ይቆማል።

አሲድ የተጨመረበት ናሙና 4 ዲግሪ አካባቢ ቀዝቅዞ 14 ቀን ይቆያል። ወደ አዲስ አበባ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መካከል ላይ ሞቃታማው ሸዋ ሮቢት አለ። በረዶው ከከሚሴ በፊት ቀልጦ የደረሰ ሣጥን ምን ውጤት እንደሚሰጥ መገመት ከባድ አይደለም፦ ደስ የሚያሰኝ፣ ግን የማይታመን።

ውጤቱ «አልተገኘም» ይላል። ደስ ይበለን?

አጠገቡ ያለውን ቁጥር አይታችሁ። ላብራቶሪው መለየት የሚችለው ከ50 ማይክሮግራም በላይ ብቻ ከሆነና ጣሪያው 10 ከሆነ፣ «አልተገኘም» ማለት «አላየሁም» ማለት ብቻ ነው። ሚሊግራምና ማይክሮግራምም ይለዩ፤ በመካከላቸው ሺህ እጥፍ አለ። ንጹሕ ውሃ ይዞ ከላብራቶሪ ታሽጎ መጥቶ ሳይከፈት የተመለሰ ጠርሙስ ውጤት በሪፖርቱ ውስጥ መኖሩንም ይጠይቁ። እሱ ውስጥ ቤንዝን ከተገኘ ብክለቱ የመጣው ከመኪናው ወይም ከሣጥኑ ነው።

ባክቴሪያ ራሱ ይበላዋል ከተባለ ለምን ዝም ብለን አንተወውም?

ይበላዋል፣ ይህ የተረጋገጠ ነው። በካሊፎርኒያ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከማደያ ታንከሮች ተነሥቶ በውሃ ውስጥ የተዘረጋው የቤንዝን ብክለት በአብዛኛው ከ80 ሜትር ገደማ እንደማያልፍ አሳይቷል። ያ ግን በዚያ አገር ደለል ነው፣ በስንጥቅ ባዛልት አይደለም። እኛ ጋ ጎረቤትየው ጉድጓድ ደግሞ 80 ሜትር ላይ ሳይሆን ከአጥሩ ማዶ ነው።

«ተፈጥሮ ያጸዳዋል» ማለት የሚቻለው ማስረጃ ሲኖር ነው። ባክቴሪያው ሥራ ላይ ከሆነ ከምንጩ በታች ባሉት ጉድጓዶች ኦክስጅን፣ ከዚያ ናይትሬት፣ ከዚያ ሰልፌት ያንሳል፤ የሟሟ ብረትና ሚቴን ይጨምራል። የተቀዳው ውሃ ባልዲ ውስጥ ቆይቶ ዝገት መልክ ሲያወጣ አንዳንዴ የሚታየው ይኸው ብረት ነው። እነዚህ ሳይለኩ «ተፈጥሮ» የሚል ሪፖርት ካያችሁ ምንም ላለመሥራት የተጻፈ ደብዳቤ ነው።

እኛ የቧንቧ ውሃ ነው የምንጠቀመው። ይመለከተናል?

ቧንቧው በተበከለው አፈር ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ አዎ። ቤንዝንና ቶሉይን በፖሊ ኢትሊን (ፕላስቲክ) ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ዘልቀው ይገባሉ፤ ለዚህ ቧንቧው የግድ መሰንጠቅ አያስፈልገውም። በዚያ በኩል ያለው መስመር ወደ ብረት ይቀየር ወይም አቅጣጫው ይለወጥ ብላችሁ ጠይቁ።

ለጎመንና ለከብትስ?

የነዳጅ ፊልም የሚታይበት ወይም የሚሸት ውሃ ለሁለቱም አይሰጥ። ከብት ሌላ ካጣ ይጠጣዋል፣ ስለዚህ «ከብቶቹ ጠጥተውታል» ማስረጃ አይሆንም።

ማን ይከፍላል? ለማንስ አመለክታለሁ?

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የጽዳቱን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። አቤቱታ ለማቅረብ ጉዳቱ የግድ በእርስዎ ላይ መድረስ የለበትም፤ በአንቀጽ 11 መሠረት ማንም ሰው ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ካልተስማሙ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገብተው ቀን የተጻፈበትና ማኅተም ያለበት ቅጂ ይያዙ፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ከጽዳቱ ሪፖርት ጋር የመከታተያ ጉድጓዶቹን ካርታና የሁሉንም ዙር ውጤት ይጠይቁ። የመጨረሻውን ዙር ብቻ ከሰጧችሁ የትኛው ወር እንደሆነ እዩ።

ሥራው ሲያልቅ መከታተያ ጉድጓዶቹ ምን ይሆናሉ?

ክዳኑን ዘግቶ መሄድ አይበቃም። ቧንቧው ይነቀላል ወይም ባለበት ከታች ጀምሮ እስከ አፉ በሲሚንቶና በቤንቶናይት ቅልቅል ይሞላል። ክፍት የቀረ ጉድጓድ የሚቀጥለውን የፈሰሰ ነዳጅ በአፈሩ ሳያጣራ በቀጥታ ውሃው ጋ ያደርሳል። የተደፈኑበት ቀንና ቦታም ለከተማው ውሃ አገልግሎት በጽሑፍ ይሰጣል፤ ነገ ያንን ቦታ ገዝቶ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው መጥቶ የሚጠይቀው እነሱን ነው።